እሑድ እሑድ ኮጋሴ ላይ ስለማይቆመው ባቡር

ብዕሩን የያዘው አቶ ኩሪያማ ነው። ከተማ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፤ እሑድ ሲመጣ ግን ካሜራውንና መሰላሉን ይዞ ባቡር ፎቶ ሊያነሣ እኛ ተራራ ላይ ይወጣል። እጁ የእሱ ነው፣ ቃሉ የእኔ የቶሜኪቺ ኢናባ ነው። እኔ ከአባቴ ጋር ጫካ ውስጥ ከሰል ሳከስል ስላደግሁ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም፤ በእኔ ከሰል ስንት ቤት ክረምቱን ሞቆ አሳልፏል። አቶ ኩሪያማም ያልኩትን እንዳያለዝብብኝ አስምዬዋለሁ።

ለክቡር አቶ ሙራኮሺ
የኒታኒ ሸለቆ ባቡር ኩባንያ የጉዞ ክፍል የበላይ ኃላፊ

እጅግ የተከበሩ አቶ ሙራኮሺ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎን አያምዎትም? ይህን መጠየቄ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሰው የማይሳፈርበትን ባቡር ሲያስቡ መዋል ወገብ እንደሚጎዳ ስለምገምት ነው። ባለቤትዎስ ደኅና ናቸው? እሑድ ምሳ አብረው የሚበሉ ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጥርሴ ሳይቀር የራሴ ነው፣ ይህንንም አቶ ኩሪያማ በሙያው አፌን አስከፍቶ አረጋግጦልኛል።

ደብዳቤው በፖስታ ከመላኩ ሌላ ጣቢያው አጠገብ ባለው በወይዘሮ ማሱዮ ሱቅ በር ላይ የሚለጠፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ሥራ በዝቶብዎ ሳያነቡት ቢቀሩ፣ ያነበበ ሰው እንዲነግርዎ ነው። የእርስዎም ማስታወቂያ ለእኔ የደረሰኝ በሰው አፍ ነውና።

አንደኛ። ለደኅንነቴ ስላሰቡ ከልብ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያዎ እንደሚለው፣ በኮጋሴ ጣቢያ ፎቶ አንሺዎች ከመጠን በላይ ስለሚሰበሰቡ፣ ለተሳፋሪዎች ደኅንነት ሲባል የእሑድ ጠዋቱ ቀይ ባቡር ሳይቆም ያልፋል። የኮጋሴ የእሑድ ጠዋት ተሳፋሪዎች የተባልነው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም። በእርግጥም ከዚያ ወዲህ ደኅና ነኝ፤ ያልተሳፈረ ሰው በር አይዘጋበትም፣ ሲወርድም እግሩ አይሰበርም። ሐኪም ቤቱም ከእርስዎ ተምሮ በሩን ቢዘጋ ኖሮ አንድም በሽተኛ አይሞትበትም ነበር። በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ ለሚፈጠረው መጠነኛ መጉላላት ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ መጠኑን ማን እንደለካው ግን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ። ሰዎቹ ለምን እኛ ጋ እንደሚሰበሰቡ ማንንም ሳይጠይቁ መፍትሔ ማግኘትዎን አደንቃለሁ። እኔ ያን ያህል ብልህ ስላልሆንኩ ጠይቄያቸዋለሁ። ሐዲዱ በፍጅል ማሳዬ ጥግ ስለሚያልፍ፣ እሑድ ጠዋት ጎንበስ ቀና ስል ጭንቅላቴ ፎቷቸው ውስጥ ይገባና ከጣቢያው ጫፍ “አባባ! ጭንቅላት!” እያሉ ይጮሁብኛል። በገዛ ማሳዬ፣ በገዛ ጭንቅላቴ። አንድ ቀን መቆፈሪያዬን እንደያዝኩ ወጣሁባቸውና “እናንተ! አገር ሙሉ ጣቢያ እያለ የእኔን ፍጅል ማን አሳያችሁ?” አልኳቸው። ሁሉም ባንድ ጊዜ አወሩ። ሐዲዱ እዚህ ጋ ስለሚጠመዘዝ የባቡሩ ፊትም ጎኑም ባንድ ፎቶ ይገባል። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባቸው ስለምትወጣ ቀዩ ቀለም ፍም ይመስላል። ዓይን የሚከልል ምሰሶ የለም፣ ሽቦ የለም። ድሮ ግንድ ይጫንበት ስለነበር መሳፈሪያው ረጅም ነው፣ ለመሰላሉ ሁሉ ይበቃል። ወይዘሮ ማሱዮ ትኩስ ሾርባ ይሸጣሉ፣ መጸዳጃውም ንጹሕ ነው። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ “ከሁሉም በላይ አባባ፣ እዚህ ሰው የለም፣ ጸጥታው ነው የሚያመጣን” አለኝ። ይህን ሲለኝ የአራት ሰው ክርን ጀርባው ውስጥ ገብቶ ነበር።

እኔ እንደገባኝ አንዱ ይመጣና ያምራል ይላል፤ ሌላው እሱ ባነሣው ፎቶ ቀንቶ ይመጣል፤ ሦስተኛው የሁለቱን አይቶ፣ ያንኑ ፎቶ፣ ከዚያው ቦታ፣ በገዛ እጁ ካላነሣ እንቅልፍ አይወስደውም። አቶ ኩሪያማ እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ “እኔ እንኳ ጭንቅላት ብዬ ጮኼ አላውቅም” ይለኛል። ጮኸሃል። ጻፍ።

ሦስተኛ። ማስታወቂያውን በፖስታ ስለላኩልኝ ጨዋነትዎን አመሰግናለሁ። ፖስታው ወፍራም፣ ማኅተሙም ደማቅ ነው። ባለቤቴ ፉሳኖ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሦስት ጣቢያ ወረድ ብሎ ባለው የአረጋውያን ቤት ትኖራለች። ቤቱ ለቤተሰብ የሚከፈተው እሑድ ነው፣ ምሳም አብሮ ይበላል። አውቶቡስ እሑድ አይሠራም። የአመሻሹ ባቡር ይቆማል፣ ግን እሱ ሲደርስ ጠያቂ ሁሉ ተሰናብቶ ወጥቷል። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ፈተናው በፊደል ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት በቀዩ ባቡር እሄዳለሁ፤ ጨው የጠጣ ፍጅልና የሳምንቱን ደብዳቤዎች በጨርቅ ቋጥሬ እወስድላታለሁ። እሷ መነጽሯን ታደርጋለች፤ የሚረባውን ታነብልኛለች፣ የማይረባውን እዚያው ትቀደዋለች። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው።

የእርስዎንም ፖስታ እንደ ልማዴ ሳልከፍት ቋጠርኩትና፣ ፉሳኖ እንድታነብልኝ ብዬ እሑድ ጠዋት ወደ ጣቢያ ወጣሁ። ባቡሩ እንደማይቆም የሚናገረውን ወረቀት በብብቴ ይዤ የማይቆመውን ባቡር ጠበቅሁ ማለት ነው። ሲመጣ እጄን አነሣሁ። ነጂው ያውቀኛል። ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ ጡሩምባውን ነፋ፣ አየኝ፣ ፊቱ በባርኔጣው እስኪጋረድ ድረስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፣ እንደ ጎነበሰም አለፈ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ንቆኝ አልፏል፤ እንዲህ በአክብሮት ያለፈኝ ግን የእርስዎ ኩባንያ ብቻ ነው። ከኋላዬም “አባባ! እጅዎን! እጅዎን!” የሚል ጩኸት መጣ፤ ለካ ፎቶ እያበላሸሁ ኖሯል።

ያን ጊዜ ነው አቶ ኩሪያማ ከመሰላሉ ወርዶ የመጣው። “አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይቆምም እኮ፣ አልሰሙም?” አለኝ። “ማን አለ?” አልኩት። “ለየቤቱ ተልኳል ሲሉ ነበር።” ቋጠሮዬን ፈትቼ ፖስታውን ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ አነበበልኝ። ሲጨርስ ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ “መኪና አለኝ፣ አደርስዎታለሁ” አለ።

አራተኛውን እንድተወው አቶ ኩሪያማ ለምኖኛል። አልተውኩትም። መኪናው ገና ከመንደር እንደወጣ የባቡሩን ጭራ አየ፤ ከዚያ በኋላ እኔ መኖሬን ረሳ። በአቋራጭ ገብቶ ባቡሩን ቀደመውና ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። “አንዲት ደቂቃ፣ አባባ። ድልድዩን ሲሻገር ብቻ።” ባቡሩ አለፈን። እንደገና ቀደምነውና የሻይ ማሳው ጋ ወረደ። “ይቺ የመጨረሻ ናት፣ አባባ።” ከፊትም ከኋላም እንደ እሱ ያበዱ መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል። ክቡርነትዎ፣ ልሳፈርበት የነበረውን ባቡር ሁለት ጊዜ ቀድሜው፣ ከእሱ በኋላ ደረስኩ። በኩባንያዎ ታሪክ ይህን ያደረገ መንገደኛ ካለ ስሙን ይላኩልኝ።

የፉሳኖ መስኮት ጣቢያውን ያያል። እሑድ ባቡሩ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ እኔ እወርዳለሁ፣ እሷም ያን ጊዜ ወደ ምሳው ትዞራለች። ያን ዕለት በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔ የለሁም። ስደርስ ጥቁር ልብሷን ከሣጥን አስወጥታ ለብሳ ተቀምጣለች።

“ሞተሃል ብዬ ነበር” አለችኝ።

“አልሞትኩም።”

“ካልሞትክ የት ነበርክ?”

“ከዚህ ሰውዬ ጋር ባቡር ሳባርር።”

“በዚህ ዕድሜህ! በል ምሳህን ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ፣ ብትፈልጥ ብትቆርጥ አይመለስም።”

እየቀለደች አልነበረም። የጥቁሩን ልብስ ቁልፎች የፈታሁላት እኔ ነኝ፤ ብዙ ቁልፍ አለው። ከዚያ ማስታወቂያዎን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችውና “ይህን የጻፈ ሰው እቤት የሚጠብቀው የለም” አለች። ይህን ያለችው እሷ ናት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም።

በማግሥቱ በወይዘሮ ማሱዮ ስልክ ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ድምፅዋ እንደ ማር የሆነች ልጅ አነሣችና “አባባ፣ ዝርዝሩ ማስታወቂያው ላይ ስላለ ያንብቡት” አለችኝ። “እኔ አላነብም” ስላት “መነጽር አድርገው ይሞክሩ” አለችኝ። “እሺ፣ እሑድ በምን ልሂድ?” አልኳት። “ከሚቀጥለው ጣቢያ ይሳፈሩ።” “እስከሚቀጥለው ጣቢያስ በምን ልሂድ?” “በባቡ…” ብላ አቆመች። ራሷን የሰማች መሰለኝ። ይህችን ልጅ ይሹሟት፤ ቢያንስ መሐል ላይ ታቆማለች።

አምስተኛ። ስለ ዕቅድዎ ውጤት እንኳን ደስ ያለዎት። ቀዩ ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ ሞልቷል፤ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ሳይቆም፣ ጠመዝማዛውን በሙሉ ፍጥነት የሚያልፍበት ግን አሁን የእኛው ብቻ ነው። ወሬው እስከ ባሕሩ ዳር ደረሰ። በሁለተኛው እሑድ መሰላሉ ከመሳፈሪያው ተርፎ ማሳዬ ውስጥ ገባ፤ ከዋዜማው ጀምሮ ስማቸውን በወረቀት ለጥፈው ቦታ የያዙ ነበሩ። ወይዘሮ ማሱዮ ሾርባው ቢያልቅባቸው የራሳቸውን ምሳ ሸጡ። ሰው ለመቀነስ ብለው ባቡሩን ነፈጉን፤ ሰው ጨመረ፣ የቀነሰው ተሳፋሪው ነው። ፉሳኖም እንዳትደነግጥ ወይዘሮ ማሱዮ አስቀድመው ደውለው “ዛሬም በመኪና ነው የሚመጣልሽ” ቢሏት፣ “በምን መኪና? በሬሳ?” ብላ ዘጋችባቸው። እኔም በድልድዩና በሻይ ማሳው በኩል፣ ሳሕን ሲታጠብ ደረስኩ።

አቶ ኩሪያማ ጥሩ ሰው ነው። ነገር ግን ወደ ተራራችን የመጣው ባቡሩን ብሎ እንጂ እኔን ብሎ አይደለም። ነገ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ሌላ ባቡር ሲያምረው መሰላሉን አንሥቶ ይሄዳል። አትጨነቅ፣ ጻፈው፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩ ይቁም። እኔ እስክሳፈር ብቻ። እግሬ ፈጣን ነው፣ ዕቃዬም አንድ ቋጠሮ ነው። መልስዎ እስኪደርስ ዝም ብዬ እንዳልጠብቅ ከፎቶ ሰዎቹ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ቀዩ ባቡር ሲመጣ ሁሉም ከእኔ ጋር እጃቸውን ያነሣሉ። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ “እጅ ከገባበት ፎቶው ሞተ” አሉ። “ሚስቴ የሞትኩ መስሏት ጥቁር ለብሳለች፣ እናንተ ለፎቶ ታለቅሳላችሁ!” ስላቸው ወፍራሙ ሰውዬ ቀድሞ እሺ አለ። የተስማሙት ግራ እጃቸውን ብቻ ሊያነሡ ነው፤ ቀኙ ለካሜራው ነው። ነጂዎ ያን ሁሉ የተነሣ እጅ እያየ እንዲያልፍ ማዘዝ መብትዎ ነው። ያ ሁሉ ፎቶ ከዚያ በኋላ የት የት እንደሚታይ ግን እኔ አላውቅም፤ እኔ ያልተማርኩ ሽማግሌ ነኝ።

ነጂውን ግን እንዳይቀጡት። ከኩባንያዎ ለእኔ ያጎነበሰ እሱ ብቻ ነው።

ረጅም ዕድሜ፣ የማያምዎት ወገብ፣ ሁልጊዜም ደጃፍዎ ድረስ የሚቆምልዎት ባቡር እየተመኘሁ፣ ከሐዲድዎ ዳር እንደ ቆምኩ፣ እጄንም እንዳነሣሁ፣

የኩባንያዎ ታማኝ፣ ደኅንነቱ እጅግ የተጠበቀ፣ ያልተሳፈረ ተሳፋሪ
ቶሜኪቺ ኢናባ
(በአውራ ጣቱ)

ይህም ይጨመር። ነገሩን በዓይንዎ ለማየት ከወደዱ እሑድ ጠዋት በቀዩ ባቡር ይምጡ። እኛ ጋ ስለማይቆም መውረድ አይችሉም፤ በመስኮት ሲያልፉ በአክብሮት እጅ እንነሣዎታለን። ሦስት ጣቢያ አልፈው ይውረዱ። ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ አንዲት ሴት የወረደውን ሰው ትኩር ብላ ታያለች። እኔ አለመሆንዎን ወዲያው ታውቃለች። እባክዎ የጥቁር ልብሷን ሣጥን ከማስከፈቷ በፊት ደረጃውን ሮጠው ይውጡና፣ ባልሽ አልሞተም፣ ያልመጣው እኔ ከልክዬው ነው ብለው በራስዎ አፍ ይንገሯት። እሷ እንደ እኔ በትሕትና አትናገርም።

በል ኩሪያማ፣ አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። አንተን የሰደብኩበትንም እንዳትዘል።