በመዶሻ የተፈተነው አልማዝ

ዛሬ ሰኔ ፲፪ ቀን፣ እኔ የመስታወት ቆራጩ ሚስት፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን እናገራለሁ። ጸሐፊው እንዳልኩት ይጻፍ፤ አያሳምርልኝ።

ቤቱና በውስጡ ያለው ሁሉ ለአንዲት ልጄ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዬን ግን ጎረቤቴ ትውሰድ፤ አልጋ ላይ ስውል ያገላበጠችኝ እሷ ናት።

የባሌን የመስታወት መቁረጫም ልጄ ትውሰድ። «የጠርሙስን ዕቃ አልፈልግም» ያልሽኝን አልረሳሁም፤ እንግዲያው ስሚ። አባትሽ የቀለበቴን አልማዝ የገዛው ዓመታት በየሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ሠርቶ ነው። አጎትሽ፣ ይኸው እዚህ የተቀመጠው ወንድሜ፣ «እውነተኛ አልማዝ አይሰበርም፤ ልፈትነው» ብሎ በሠርጋችን ማግስት በመዶሻ መታው። ደቀቀ። «ጠርሙስ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ዘመድ አዝማዱም አብሮት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የባሌ ስም ጠርሙስ ሆኖ ቀረ። ቀብሩ ላይ እንኳ «ጠርሙስ አረፈ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ንዴቱ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ወንድሜ ሆይ፣ የድንጋይ ጥንካሬ የሚለካው ማን ማንን ጫረ ተብሎ ነው እንጂ በመዶሻ አይደለም። ጥፍር ጀሶን ይጭራል፣ ምስማር መዳብን፣ ሞረድ መስታወትን፣ ሰንፔር ደግሞ ሞረድን። ሰንፔርን ለመጫር አልማዝ ያስፈልጋል። ያው አልማዝ ግን መዶሻ ሲያርፍበት እንደ ሸክላ ይፈረካከሳል። ባሌ ይህን ነግሮህ ነበር፤ አንተ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብህ። እሱም ስባሪውን በረጠበ ጣቱ ለቅሞ፣ ትልቁን በዚህ መቁረጫ እጀታ ጫፍ ላይ አስተከለ። ዕድሜውን ሙሉ መስታወት የቆረጠው በእሱ ነው፤ ልጃችንንም ያሳደገው በእሱ ነው።

በሞቴ እያልኩህ የኖርኩት ለወጉ ነበር፤ ዛሬ ግን የምሬን ነው። ከመፈረምህ በፊት፣ የምትኮራበትን የቀለበትህን ሰንፔር በዚህ መቁረጫ ጫረው። ካልጫረው ጠርሙስ በለው። ከጫረው ግን ስሙን መልስለት።

(የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ወንድምየው «አይ እቴ፣ ቀለበቴን ልታበላሺው ነው?» አሉ። ተናዛዥዋ «የኔን አበላሽተህ የለ?» ብለው መለሱ። ወንድምየው ጫሩት። በአውራ ጣታቸው ደጋግመው አሹት፤ ጭረቱ አልጠፋም። ልጅቱ እያለቀሰች መቁረጫውን ከእጃቸው ተቀበለች።)

ተናዛዥ፦ የጣት አሻራ።

ምስክር፦ የታችኛው ቤት ጫማ ሰሪ፣ ፊርማ።

ምስክር፦ ታላቅ ወንድም፣ ፊርማ። ከፊርማቸው በላይ በገዛ እጃቸው የጨመሩት፦ «የእህቴ ባል የገዛላት አልማዝ ነበር። የሰበርኩት እኔ ነኝ።»