የኅዳርን ጭስ ከሴሏ ያራቁት የአቶ መርስዔ ኀዘን ጥዑመ ልሳን የሕይወት ታሪክ

አቶ መርስዔ ኀዘን ከአባታቸው ከመሪጌታ ጥዑመ ልሳን አስናቀ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺአረግ ገድሉ ግንቦት 21 ቀን 1954 ዓ.ም. በመሸንቲ ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለደው ልጅ በሕፃንነቱ ስላረፈ፣ ኀዘናችንን ያስረሳን ሲሉ አባታችን (ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ) ይህን ስም አወጡላቸው። እሳቸውም ስሙን በሚገባ ኖረውበታል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታችን እግር ሥር ዳዊት ደገሙ። ነገር ግን የቤቱን ፋኖስ እየፈቱ ስላስቸገሩ፣ አባታችን ይህ ልጅ ከዜማው ይልቅ ፋኖሱን አጥንቷል ብለው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። አንደኛ ደረጃን በመሸንቲ፣ ሁለተኛ ደረጃንና የቴክኒክ ትምህርታቸውን በባሕር ዳር አጠናቀቁ።

በ1975 ዓ.ም. በከተማችን በባሕር ዳር በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ አየር እየጨመቀ በሚያቀርበው የኮምፕሬሰር ክፍል ተቀጥረው ሃያ ስምንት ዓመት አገለገሉ። በር ላይ ቆመው የማሽኑን ድምፅ በመስማት ብቻ የትኛው ቫልቭ እንደላላ ይናገሩ ነበር። ማጋነን የመሰለው ካለ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው እዚሁ ስላሉ ይጠይቅ።

ጥር 1981 ዓ.ም. ከመምህርት ሰብለ ወንጌል ሀዲስ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኪሩቤልንና ሀኒን አፍርተዋል። በዚያ ቤት ከፍ ያለ ጠብ የተሰማው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በሽንኩርት ቢላዋ ብሎን ሲፈቱ የተያዙ ዕለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ የምርምር ቤተ ሙከራ በቴክኒክ ባለሙያነት ተቀጠሩ። የቤተ ሙከራው ሥራ እንፋሎትን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጂን ማውጣት ነበር። መዳፍ የምታክል የሴራሚክ ሴል እስከ ስምንት መቶ ዲግሪ ትግላለች፤ በአንዱ ወገኗ እንፋሎት፣ በሌላው አየር ያልፋል። ያንን አየር ከውጭ ስቦ፣ አድርቆና አጣርቶ ማቅረብ የወንድማችን ኃላፊነት ነበር። ሴሏን እንደ አራስ ነበር የሚጠብቋት።

በ2011 ዓ.ም. ግን ተሳሳቱ። ከታሪኬ እንዳታወጡት ብለው ስላዘዙን እንጽፈዋለን። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ እናታችን እንዳስተማሩን ግቢውን ጠርገው ደረቅ ቅጠሉን፣ ካርቶኑንና ያለቀውን የማሽን ቀበቶ፣ የጎማውን ቺንጋ፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ከምረው አቃጠሉ። ጭሱ በሽታ ያባርራል ነው ነገሩ። ከክምሩ በላይ የኮምፕሬሰሩ አየር መሳቢያ ነበረ። ማጣሪያ ፊልትሮ አለው ብለው አልሰጉም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴሏ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የበለጠ ኤሌክትሪክ ትጠይቅ ጀመር፤ በወሩ ደከመች። በአየሩ በኩል ያለውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቅብ፣ ኤሌክትሮዱን፣ ቀብታ ያዘጋጀችው የማስተርስ ተማሪዋ ቃልኪዳን ነበረች። የቤተ ሙከራው የጥናት ኮሚቴ ቅቡ አልረባም በማለት ጥናቷን ለማቋረጥ ቀን ቆረጠ። ወንድማችን የልጅቷን ጥንቃቄ በዓይናቸው ስላዩ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። መዝገቡን ገልጠው ቮልቴጁ መጨመር የጀመረበትን ሰዓት ቢፈልጉ፣ ኅዳር 12 ቀን ጧት አራት ሰዓት ይላል። ክብሪቱን የጫሩት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ይህን ያዩ ዕለት ምሳ አልበሉም።

ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ሁለት አዳዲስ ሴሎችን ጎን ለጎን አስነሥተው ለአንዷ የሲሊንደር ንጹሕ አየር፣ ለሌላዋ የጎማ ጭስ የገባበት አየር ሰጧቸው። ጭስ የቀመሰችው ደከመች። ለካ ፊልትሮው ጥላሸቱን እንጂ በጭሱ ውስጥ ያለውን የሰልፈር ጋዝ አያስቀርም፤ ጋዙ በኤሌክትሮዱ ውስጥ ካለው ስትሮንቲየም ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ ላዩን እየሸፈነ ሥራውን ያጓድላል። ኮሚቴው በተሰበሰበበት ቀን ተነሥተው፣ «እሳቱን ያነደድሁት እኔ ነኝ። የልጅቷ ሥራ እንከን የለውም፤ የምትቀጡ ከሆነ እኔን ቅጡኝ» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። እሳቸውም ወረቀቱን በመስታወት አስገብተው ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቀሉት። ቃልኪዳን ጥናቷን ፈጽማ ዛሬ ቤተ ሙከራውን ትመራለች።

ብልህና ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ ወንድማችን ግን ጭስ መግቢያ እንዲያጣ አደረጉ። መሳቢያውን ወደ ጣሪያ አወጡት፤ ከፊልትሮው ቀጥሎም በኖራ እንክብል የተሞላ ቱቦ ገጠሙ፤ ጋዙን ኖራው ይይዘዋል። ከጋለው የብረት ቧንቧ የሚወጣው ክሮሚየምም ኤሌክትሮዱን እንደሚጎዳ ሲረዱ ቧንቧውን በሴራሚክ ለወጡ። ይህም አልበቃቸውም። ኅዳር 11 ቀን በመጣ ቁጥር ከቤተ ሙከራው በታች ያለውን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ፣ እሳቱን ነፋሱ ወደ ሐይቁ በሚሄድበት በማለዳ እንዲያነድዱ ይለምኑ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ መጀመሪያ «ለማሽን ብለን ደግሞ ከዶሮ ጋር እንነሣ? ሚካኤልስ ምን ይለናል?» ብለው አፍጥጠውባቸው ነበር። በማግሥቱ ግን ቀድመው ያነደዱት እሳቸው ናቸው።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ቤተ ሙከራውን ሳያዩ ሳምንት አያልፋቸውም ነበር። ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ የኩላሊት ሕመም አድሮባቸው ሲታከሙ ቆይተው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጧት በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ምናሴን ትተውልን ሄደዋል። ደስ ብሏቸው የኖሩ ሰው ነበሩ፤ እኛም ከእሳቸው ጋር ደስ ብሎን ኖረናል። በጣም እንወዳቸዋለን።

የሚከተለውን ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በእጄ ጨመርሁት። ትናንት ሁላችንም ልቅሶ ላይ ስለነበርን በየቤቱ ዞሮ የለመነ ሰው አልነበረም። ዛሬ ጧት ከድንኳኑ ወጥቼ ሳይ ግን ፀሐይ ሳትወጣ ሰፈሩ ሁሉ አንድዶ ጨርሷል፤ እትዬ ጽጌም አመዳቸውን ውኃ ያርከፈክፉበታል። ቃልኪዳን ከሐምሌ ጀምሮ ሳትጠፋ የምትሠራዋን ሴል አይታ መጣችና ሰብለ ወንጌልን አቅፋ፣ «ቮልቴጁ አልተነቃነቀም» አለቻቸው።

ጥፋቱን ራሱ ፈልጎ ያመነውን ሰው ምሕረት የማይነሣ አምላክ፣ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋግ አባቶቻችን ጋር ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን አያጉድልብን። አሜን።