ፈፋውን የተሻገርንበት ዕለት

ቦሩ ሜዳ፣ ደሴ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ሐዋዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ቃል ይጠፋብኛልና ጻፍሁልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ራሂማ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ከገበያ ቀርታ አታውቅም። ገብሱም ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ለዒድ መጥተሽ ሳለ፣ ጎርፍ መንገዳችንን ቆርጦ ስላወጣው ፈፋ የተነጋገርነው ከልቤ አልወጣም። አንቺ «ወንድምጋሼ፣ እኔ ያለሁበት አገር ቢሆን ጎረቤቱ ተጠራርቶ በሁለት ቅዳሜ ይደለድለው ነበር። አሜሪካ ሰው የመንግሥትን ደጅ አይጠናም» አልሽኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ የኖርሁ ነኝና ነገሩ አሳመመኝ። መንገድ መሥራት የመንግሥት ግዴታ ነው፣ እኛ ከደለደልነው ከዕቅዱ ይሰርዘናል ብዬ ተቆጣሁ። በእንግዳ ፊት «አንቺ ከእንግዲህ የነሱ ነሽ» ያልሁሽም ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ነሐሴ ላይ ልጄን ሙናን ምጥ ያዛት። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ለአምቡላንስ ደወልን፤ እውነቱን ለመናገር ፈጥኖ መጣ፣ ግን ከፈፋው ማዶ ቆሞ ቀረ። ውኃው በመካከላችን ያጓራል። ባሏ ሙዓዝ ቃሬዛውን ሲያነሳ ጎረቤቱ ሳይጠራ መጣ፤ ስምንት ሆነው እስከ ወገባቸው ገብተው አሻገሯት። እኔ ልከተል ስል ሙና በዚያ ምጧ ላይ ሆና «አባባ፣ አይግቡ፣ ውኃው ይወስድዎታል» አለችኝ። ዳር ቆሜ ቀረሁ። ለዚያ መንገድ ሰባት ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ሁሉም የወጪ ቁጥር አላቸው።

ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ልጅ። ሐኪሟ ለሙዓዝ «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን…» ብላ ተወችው።

በሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነስቼ ድንጋይ እናውጣ አልሁ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ ማንም አልሳቀም። ጎረቤታችን መሕሙድ ብቻ «ማመልከቻውስ፣ ጋሽ ሙሄዲን?» አለኝ። እሱንም እጽፋለሁ አልሁት፣ ጻፍሁም። መስከረም ላይ ድንጋዩን ደርድረን ልንጨርስ ስንል ከወረዳ ሦስት ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦና አንድ መሐንዲስ መጡ። ልጁ የሠራነውን ግማሹን አስፈርሶ እንደገና አስደረደረን። ደግ አደረገ፤ የኛው ሥራ አንድ ክረምት አይቆምም ነበር። እንግዲህ ከሁለታችን ማን እንደረታ አላውቅም፣ እህቴ።

ደግሞ ሙና አንድ ነገር ነግራኛለች፣ እንዳትቆጪያት። የምትሠሪበት ፋብሪካ ካሰናበተሽ ወዲህ መግዣው አጥሮሽ የስኳር መድኃኒትሽን የአንዱን ቀን ለሁለት ቀን እያደረግሽ ነው አሉ። እዚያም አገር ሰዉ ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ አንዱ መንግሥት ያሳክመን፣ ሌላው እያንዳንዱ ራሱን ይቻል እያለ ይሟገታል ብለሻታል። ይሟገቱ። አንቺ እስኪጨርሱ አትጠብቂ። በረዶ ሲጥል ደጄን ይጠርጉልኛል ያልሽኝን ጎረቤቶችሽን አንኳኪባቸው፣ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። የመንግሥት ቢሮም ካለ ሂጂና ተሰለፊ። ሁለቱም እንቢ ካሉሽ ነይ። እዚህ መድኃኒቱ አይጠፋም፤ ቢጠፋም አብረን እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የሄድሽ ዕለት መናኸሪያ ያልመጣሁት አሞት ነው ብላ ራሂማ ነግራሽ ነበር። አላመመኝም። ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሚኒባሱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። በመስኮቱ በኩል ነበርሽ፤ ሻሽሽን እያስተካከልሽ ወደኔ ዞርሽ፣ ግን አላየሽኝም። እጄን ላነሳ ነበር።

አላህ ጤናሽን ሙሉ ያድርግልኝ፣ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። አሚን።

ወንድምሽ
ሙሄዲን