ፋይል ውስጥ የቀረው ቤት

ጥቅምት 8 ቀን 2015፣ አምቦ መጠለያ

«ባለጉዳዩ የተቃጠለ ቤቱን የመስኮቱን ልክ ሳይቀር ስሏል። ያለፈውን መተው ስላልቻለ ለሥራ ድጋፍ ገና ዝግጁ አይደለም።»

ከእርዳታ ድርጅቱ ደብዳቤ ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። «ለሐዘናችሁ ይጠቅማል፣ ቤታችሁን ሳሉ» ያሉን እነሱ! ሃያ ሁለት ዓመት ንድፍ ያስተማረ ሰው ያለ ልክ ይሳል? የጠየቅሁት የአናጢ መሣሪያ ነበር። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ። ከለከሉኝ።

ጥቅምት 9

ዝናብ። ሸራው ያፈሳል።

ጥቅምት 13

ከሸነን ከተማ ወዲያ የነበረውን ቤታችንን እንደገና ልስል ተቀመጥኩ። ሚያዝያ ላይ የሳልኩትን የድርጅቱ አማካሪ አቢጊያ ፋይል ውስጥ አስገብታዋለች።

ከጓዳው በር እስከ ኮክ ዛፉ ስንት እርምጃ ነበር? ዘጠኝ አልኩ።

«አስራ አንድ» አለች ባለቤቴ ፈትለወርቅ። «አንተ መቼ ውሃ ተሸክመህ ሄድክበት?»

እውነቷን ነው... ሚያዝያ ላይ ግን ማንንም አልጠየቅሁም፤ እጄ ያውቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳሩ ላይ የወደቀውን ኮክ በቀሚሷ ጫፍ ስትለቅም... በስድስት ወር ይረሳል?

ጥቅምት 20

ጎረቤታችን ኦቦ ሙለታ «የእኔንም ሳልልኝ» አለ። ሳልኩለት። ወረቀቱን አዟዙሮ አየው።

«ያ ዋቃ! ጣሪያዬን ደግሞ ማን ወሰደው?»

«ከላይ ሲታይ ነው።»

«እኔ አሞራ ነኝ እንዴ፣ ኦቦ እንግዳወርቅ?»

ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ... ከዚያ ጣቱን የጥጃዎቹ ማሰሪያ ላይ አኖረ። ሲሄድ «ስንመለስ አናጢ በዚህ ይሠራልኛል» አለ።

ኅዳር 6

ዘጠኝ ቤት ሳልኩ። ባለቤቶቹ በቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ሆነው ሜዳው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይራመዳሉ፣ እኔ እርምጃቸውን እቆጥራለሁ። ዛሬ እማማ መንበረ ከአጥራቸው በር ተነስተው፣ ጓዳቸው ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። ምንም የለም፣ ሜዳ ነው። ለካ የበራቸው ጉበን ዝቅ ያለ ነበር! ጻፍኩት።

አቢጊያ ቆማ ታይ ነበር። «ጋሼ፣ ያለ ደብዳቤ ንድፍዎ ከፋይል አይወጣም። ይጻፉ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ኅዳር 7

ነገ ለድርጅቱ የማስገባው ደብዳቤ፦

«‹ገና ዝግጁ አይደለም› የሚለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። የመሣሪያውን ጥያቄ አልተውኩም፤ የሚቀድመው ግን ፋይል ውስጥ ያለው ንድፌ እንዲመለስልኝ ነው። ከጓዳችን በር እስከ ኮክ ዛፉ ያለውን እርምጃ በትክክል የያዘ ሌላ ወረቀት የለኝም። እስከ ኅዳር 20 ቀን 2015 በጽሑፍ መልስ ስጡኝ። በዚያን ቀን ጠዋት ቢሯችሁ በር ላይ እገኛለሁ። ከሰዓት የምለካው ቤት አለኝ።»