በሁለተኛው ትዕይንት ለወደቀው ጦረኛዬ

ታዴዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአንድ ሳምንት ሆነ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አሰብን።

ቤታችን ደህና ነው። ሸጎሌ ያለውን ጎሚስታ ቤትህን ወንድምህ ያዘው፤ ጎማ ሲነፋ እንዳንተ አያንጎራጉርም እንጂ ሥራውስ ጥሩ ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ቆርቆሮው ተቀየረ፤ ዘንድሮ ክረምቱን ባልዲ ሳንደቅን አሳለፍን። ልጅህ ህሊና ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ በቁመት አልፋኛለች።

ዋናው ወሬዬ ግን ሌላ ነው። የሰፈራችን ቴአትር ክበብ ያንን አንተ የምትሞትበትን ቴአትር እንደገና አሳየ። ያ በደመና ላይ ስለተሠራው መንግሥት የሚተርከው፣ ህሊና ገና ጡት ሳትጥል የሠራኸው።

ስም እንኳን አልሰጡህም ነበር፤ «ሦስተኛ ጦረኛ» ብቻ። «ድልድዩን እኔ እይዛለሁ፣ እናንተ እለፉ!» ብለህ፣ በቀስት ተመትተህ ትወድቃለህ፤ በቃ። ለዚህችው ሁለት ወር ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ስትወድቅ ከረምክ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ግድግዳውን እየደበደቡ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ሞተህ አታርፍም?» ሲሉህ፣ ወለሉ ላይ እንደተዘረጋህ «አልሆነልኝም እትዬ፣ አንዴ ልድገመው» ትላቸው ነበር።

ቴአትሩ የታየ ዕለት ስትወድቅ፣ የውሸት ሞት መሆኑን እያወቅኩ አለቀስኩ። ከዚያ ንጉሡን የሚሠራው ልጅ ሬሳህ አጠገብ ቆሞ ንግግሩ ጠፋው። ላብ አጠመቀው። ያኔ ነው ፊት የተቀመጥኩት እኔ የሬሳው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያየሁት። ንግግሩን በሹክሹክታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አቀበልከው። ሕዝቡ ለንጉሡ ቆሞ አጨበጨበ። ወደ ቤት ስንመለስ ለምን ለማንም እንዳልተናገርክ ብጠይቅህ፣ «እናቱ መጥታ ነበር እኮ» አልከኝ።

እውነተኛው ሞትህ ልምምድ አልነበረውም። ጠዋት ወደ ሥራ ሄድክ፤ ከሰዓት ልቡ ቆመ ብለው ጠሩኝ። ሳንሰነባበት መቅረታችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ቴአትሩ ሲያልቅ ያ ንጉሥ የነበረው ልጅ፣ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል፣ መድረክ ላይ ወጣ። «ያን ቀን ከውርደት ያተረፈኝ ታደሰ ነው» ብሎ ሁሉንም ለሕዝቡ ነገረ። ህሊና እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ «እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

እሷ እንዳላለቅስ ብላ ስምህን አታነሳም፤ እኔም እንዳትከፋ ብዬ አላነሳም ነበር። ሁለት ዓመት ተደባብቀን ኖርን። አሁን ግን ማለዳ ማለዳ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ ያንተን ነገር እያወራን ነው የምንሄደው። ለትዳር እንዴት እንደጠየቅከኝ፣ ወጥ ስትሠራ እንዴት እንደምታሳርር፣ ስትቆጣ እንኳን ሳቅህ እንደሚያመልጥህ። ትናንት በጣም ከመሳቃችን የተነሳ ታክሲው ጥሎን ሄደ።

ታዴዬ፣ ስምህ ወደ ቤታችን ተመልሷል። እኔ በሕይወት እያለሁ ዳግመኛ አይወጣም።

ያንተው አስካለ