ሰባቱ መቆንጠጫዎች፦ የወይዘሮ ትሁኔ ዳኘው የሕይወት ታሪክ (1966–2015)

ወይዘሮ ትሁኔ ዳኘው ከአባታቸው ከአቶ ዳኘው አየለኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገኘሁሽ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በወገራ አውራጃ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ተወለዱ። ቀኑ አይታወቅም። በእስራኤል መታወቂያቸው ላይ የልደት ቀናቸውም ወራቸውም ዜሮ ነው። ቀን አጥብቀው ለሚቆጥሩ ሴት የመጀመሪያው ግፍ ይኼ ነበር።

እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1984 ከቤተሰባቸው ጋር በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጓዙ፤ እናታቸውን እዚያው መጠለያ ቀብረው በ1985 መጀመሪያ እስራኤል ገቡ። በ1988 በኔታንያ ከተማ አቶ ሙላትን አገቡ፤ በ1990 ልጃቸውን ሺሪን ወለዱ። በ1991 በባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል በልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው አንሶላ ወደ ብርሃን እያነሱ እድፍ ሲፈልጉ ኖሩ። ዓይናቸው ያላየው እድፍ የለም ይባልላቸው ነበር።

በጥር 1996 ከኢትዮጵያ የመጣው ማኅበረሰባችን የለገሰው ደም ኤችአይቪ ይኖርበታል ተብሎ በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ተሰማና ሰው ሁሉ ለተቃውሞ ኢየሩሳሌም ወጣ። ትሁኔም «ደማችን ንጹሕ ነው!» ብለው ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። በዚያው ዓመት በግንቦት ታመው ተመረመሩ። ኤችአይቪ እና የብልት ሄርፒስ፣ ሁለቱም ተገኙባቸው። አቶ ሙላትና ሺሪ ነጻ ነበሩ። ከየት እንደያዛቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ትሁኔ ለባላቸው ብቻ ነገሩ፤ ለሌላ ሰው አፋቸውን አልከፈቱም። ቢናገሩ ደሙን ለደፉት ሰዎች ምስክር የሚሆኑ መስሏቸው ነበር።

የጤና ባለሙያዎቹ ኮንዶም ሰጧቸው። ጥንዶቹ ግን የተሻለ መላ እናውቃለን አሉ። በአገራችን ሴት ደሟ ሲመጣ ወደ መርገም ጎጆ ትወጣለች፤ ሰባት ቀን ቆጥራ፣ በወራጅ ውኃ ተነክራ ትመለሳለች። ትሁኔም የሄርፒሱ ቁስል በወጣ ቁጥር በኔታንያ ዶራ ሰፈር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ፍራሻቸውን ዘረጉ። ቁስሉ ሲደርቅ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰባት መቆንጠጫ ይሰኩና በየቀኑ አንድ አንድ ይነቅላሉ። ገመዱ ባዶ ሲሆን ባሕር ወርደው ይነከራሉ፤ ከዚያ ወደ ባላቸው ይገባሉ። ኮንዶሙ መሳቢያ ውስጥ ቀኑ አለፈበት። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ታሪኳ ምንም ሳያውቁ «ሁላችን ጎጆውን ሱዳን ላይ ጥለነው መጣን፤ ትሁኔ ግን አራተኛ ፎቅ አወጣችው!» እያሉ ያመሰግኗቸው ነበር።

የኤችአይቪውን ኪኒን በሱፍ ፍሬ ጣሳ ውስጥ ይደብቁት ነበር። በሲግድ በዓልና በፋሲካ ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ጣሳው አይከፈትም፤ ኪኒኑም ይዘለላል። በ2005 አቶ ሙላት ቫይረሱ ተገኘባቸው። ሕክምናውን ዘግይተው ጀመሩ፤ በ2009 በሳንባ ነቀርሳ ዐረፉ። ሕዝቡ በሳንባ ሞቱ አለ፤ አልተሳሳተም። ትሁኔ ግን አንድ ቀን አሳስቼ ቆጥሬ ነው ብለው አመኑ። ከዚያ በኋላ የሆቴሉን የድሮ ቀን መቁጠሪያዎች እያገላበጡ ያቺን አንዲት ቀን ሲፈልጉ አራት ዓመት ኖሩ።

በ2013 የሚታከሙበት ክሊኒክ ነርስ ሻሺ ሁለቱም ቫይረሶች ባሉባቸው ሴቶች ላይ በሚደረግ ጥናት እንዲሳተፉ ጠየቀቻቸው። ሥራው ለስልሳ ቀን በየዕለቱ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ከብልት ናሙና መውሰድ ነው። ትሁኔ «ደም ሰጠናቸው፣ ደፉት። ይኼንንስ ምን ሊያደርጉት ነው?» አሉ። «ይኼንን፣ እትዬ ትሁኔ፣ በማቀዝቀዣ በክብር ያስቀምጡታል» አለች። «እንግዲያ ከደማችን ይሄ ተሻለ!» ብለው ተስማሙ። ስልሳ ቀን አንድም ሳያጓድሉ፣ ናሙናውን በሺሪ የድሮ የምሳ ቦርሳ ይዘው በማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ በኩል ተመላለሱ። በረንዳው ላይም ለመጨረሻ ጊዜ መቆንጠጫቸውን ሰኩ፤ ነቀሉ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ስልሳ ሳጥን ያለው ወረቀት ዘረጉላቸው። ቁስል የነበረው አምስት ቀን ብቻ ነው። ሄርፒሱ ግን በዐሥራ ዘጠኝ ቀኖች ናሙና ላይ ወጥቷል፤ ዐሥራ አራቱ ትሁኔ ንጹሕ ያሏቸው ቀኖች ናቸው። ከእነዚያ በሦስቱ፣ ኪኒናቸውን እየዋጡ፣ በደማቸው ምርመራ ምንም ሳይታይ፣ ጥቂት ኤችአይቪ አብሮ ተገኝቷል። ሐኪሙ ቫይረሱ ቁስል ሳይኖር፣ ሕመም ሳይሰማ እንደሚወጣ፣ ሄርፒሱ ሲነሣ ኤችአይቪውንም እንደሚቀሰቅስ፣ ኪኒን በሚዘለልበት ዘመን ደግሞ እጅግ እንደሚበዛ አስረዱ።

ትሁኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ሰባቱን አሳስቼ ብቆጥር፣ ልዩነት ነበረው?»

«አልነበረውም» አሏቸው ሐኪሙ።

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እንግዲያ ሙላትን የገደልኩት ልክ ቆጥሬ ነው» አሉ። የቀን መቁጠሪያዎቹን በዚያው ሳምንት ጣሉ።

ለጥናቱ የተደረገላቸው የማሕፀን ምርመራ ሌላም አገኘ፤ የማሕፀን በር ካንሰር፣ ያውም የቆየ። ምስጢራቸው እንዳይወጣ ብለው ለዓመታት ከሴቶች ሐኪም ሸሽተው ነበርና። በቀራቸው ጊዜ ወረቀቱን ለዶራ ሴቶች አንድ በአንድ እያሳዩ «ዓይናችሁን አትመኑ፤ ተመርመሩ፣ ኪኒናችሁን እንግዳ ፊትም ዋጡ» አሉ። አንዳንዶቹ ሰሙ፤ አንዳንዶቹ ስኒያቸውን ለዩባቸው። ለቤተሰባቸውም «‹ባደረባቸው ሕመም› ብላችሁ ብታነቡ ከጉድጓዱ ተነሥቼ አርማችኋለሁ» ሲሉ አስጠነቀቁ። ስለዚህ ተጽፏል፤ እነሆ ተነበበ።

በኅዳር 22 ቀን 2015 በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ይኼ ቀን በትክክል ይታወቃል። አስከሬናቸውን ያጠቡት ወይዘሮ ታሪኳ ናቸው፤ ሁለት ጓንት ደርበው፣ እያለቀሱ። ትሁኔ ሁለቱንም፣ ጓንቱንም እንባውንም፣ ይቅር ይሉ ነበር።

ልጃቸው ሺሪ፣ አንዲት የልጅ ልጅና በባዶ ገመድ ሥር ሰባት መቆንጠጫ ቀርተዋል።

የሚታየውንና የማይታየውን ቀን የሚያውቅ የእስራኤል አምላክ፣ ያለ ጎጆ፣ ያለ ቆጠራ፣ ከአቶ ሙላት ጎን ያሳርፋቸው። አሜን።