የጥንብ አንሳዎቹ አውጫጭኝ

ሸዋ ቤንች፣ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳባ ይርዳው
ባሕር ዳር

ሳብዬ የሆዴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ተሽሎታል፤ ቡናውንም ለቅመን ጨርሰናል። ጥናት ነው እያልሽ ምግብ እንዳትተዪ።

ተማሪ ሳለሽ ሰፈሩን አስተባብረሽ ያቋቋምሽው የወፍ ኮሚቴ እስካሁን አለ። ቄራው ጀርባ ባለው ትልቅ ዛፍ ላይ የሚያድሩትን ጥንብ አንሳዎች በየሳምንቱ እንቆጥራለን፤ ዛፉን ማንም እንዳይቆርጠው ጎረቤታችን ከድር ይጠብቃል። አሥራ አራት ደርሰው ነበር። አሁን አምስት ናቸው። ዘጠኙ በአንድ ጠዋት ሞተው ተገኙ። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር በጆንያ ሰብስቤ ቀበርኳቸው። ያን የሚያህል ወፍ እንደዚያ ይቀላል አልልም ነበር።

የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ጅብ ጥጃችንን በላብን። ለቀረው ይመለሳል ብዬ በተረፈው ሥጋ ላይ የአይጥ መርዝ ነሰነስኩ። ሥጋውን ወደ አጥሩ የጎተተልኝ አባትሽ ነው። ጎህ ሳይቀድ አነሳዋለሁ ብዬ እንቅልፍ ጣለኝ። ጅቡ አልመጣም። ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች፣ ወፎቹም በልተው ሄደዋል።

ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሰፈሩ በሙሉ ከሥራ ተከልክሎ ሜዳ ላይ ዋለ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ከድር ለቡና መጋዘኑ አይጥ ያስቀመጠው መርዝ ተገኘና ነገሩ ወደ እሱ ዞረ። ከሰዉ መሃል ማናልሞሽ፣ "ጠባቂው ራሱ ጅብ ሆነ እንዴ?" ብላ አሽሟጠጠች። ሰው ሳቀ። ያኔ ተነሥቼ "እኔ ነኝ" አልኩ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ ፈንታው ፈገግ አለ። "በየነች፣ ለጎረቤት መቆም ደግ ነው። ግን አንቺ እኮ እያለቀስሽ የቀበርሻቸው ነሽ።"

አላለቀስኩም ነበር ሳብዬ። እንባ አልመጣልኝም። አሁንም አልመጣም።

"እሺ፣ የመርዙን ዕቃ አምጪ" አሉኝ። ሽንት ቤት ጥዬዋለሁ። አባትሽን ጠየቁት፤ መሬት መሬቱን እያየ "እሷ አታደርገውም" አለ።

ከድርን ከጥበቃው አነሱት። በማግሥቱ ሙዝ ይዞልኝ መጣ። "እትዬ፣ ለእኔ ብለው ስምዎን ሊያጠፉ ነበር። አላህ ይስጥልኝ" አለ።

"ኧረ ከድር፣ እውነቴን ነው።"

"ይተዉት እባክዎ፣ በቅቶኛል።"

ሙዙን ተቀበልኩት። በላሁትም፤ ጣዕሙን አላወቅኩትም።

አንቺን ያምኑሻል። ሰው ለልጁ በራሱ ላይ እንዲህ አይዋሽም። ይህን ደብዳቤ አታስቀምጪው፤ "የእናቴ እጅ ጽሕፈት ነው" ብለሽ ፈርመሽበት ለጋሽ ፈንታው ላኪለት። ከድር ወደ ዛፉ ይመለስ፤ በእኔ ላይ የፈለጉትን ይፍረዱ። የአባትሽን ነገር የጻፍኩበትን መስመር ልሰርዘው እስክሪብቶ አንሥቼ ተውኩት። እሱን እንደመሰለሽ አድርጊ።

እመብርሃን በሄድሽበት ትቅደምልሽ፤ ንግግርሽ ሰው ዘንድ የሚታመን ይሁን።

እናትሽ በየነች